ሳይቸግር ድንኳን

ላንጋኖ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ይህ በመኪና ለሚሄድ ሰው ነው። በቤተሰብ ስብሰባ ለሚሄድ ግን መንገዱ ማለቂያ የለውም፤ እኛ ይኸው እስካሁን አራት ኪሎን አልለቀቅንም።

ነገሩን ያመጣው የባለቤቴ ወንድም ነው። ከአሜሪካ ለእረፍት ሲመጣ ቤተሰቡ ጫማና ሽቶ ሲጠብቅ፣ እሱ ከሻንጣው የተጠቀለለች አረንጓዴ ድንኳን አወጣ። «ሐይቅ ዳር ተክለን እናድራለን። እኛና ልጆቹ፣ በቃ። ግርግር የለ፣ እንግዳ የለ» አለ። አማቴ ምስር እየለቀሙ ነበር። «ቤት እያለ ሜዳ ላይ ማደር! ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ብለው ገላመጡት። ጠጠሯን ከትሪው ለቅመው ከጣሉ በኋላ ደግሞ «ለመሆኑ መኪናው ስንት ሰው ይይዛል?» አሉ። ከዚያች ጥያቄ ወዲህ ጉዞው የእሳቸው ሆነ።

ቀን መምረጥ ቀላል መስሎን ነበር። ክረምት የማይታሰብ ነው። ልጆቹ የሚያርፉት የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ሲያልቅ ስለሆነ፣ ጥምቀት አልፎ ነነዌ ሳይገባ ያለችው ቀዳዳ ተመረጠች። ለአየሩ ከሆነ ምርጫው ግሩም ነው፤ ሰማዩ የጠራ ነው፣ ላንጋኖም ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ዝቅ ብሎ ስላለ ሌሊቱ እንደ እኛ ሰፈር ጥር አጥንት አይሰብርም። ችግሩ ጥር የሰርግ ወር መሆኑ ነው። አንዱ ቅዳሜ ሰርግ፣ እሑዱ መልስ፣ ቀጣዩ ቅልቅል። ባዶ የቀረችውን እሑድ ደግሞ አጎቴ የእድር ጠቅላላ ጉባኤ አለ ብለው ዘጓት። አሜሪካዊው «ጋሼ፣ የቀሪ ቅጣቱን እኔ እከፍላለሁ» ቢላቸው፣ «ልጄ፣ ብሩ መቼ ገደደኝ? ስሜ ተጠርቶ ‹የለም› ሲባል ነው የሚቆረቁረኝ» አሉት።

ድንኳን ሳይሞከር ጉዞ አይወጣም የሚሉት ትክክል ነው፤ ካስማው ይጎድላል፣ ዘንጉ ይሰበራል። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ኮንዶሚኒየማችን ግቢ ውስጥ፣ በቆሙት መኪኖች መሃል ዘረጋናት። መጀመሪያ የደረሱት ዘበኛው ናቸው፤ «ኮሚቴው ያውቃል?» አሉ። ቀጥለው የምድር ቤቷ ጎረቤታችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ብቅ አሉ። «እኔ ሳልሰማ! ማን ነው ያረፈው?» ባለቤቴ «ኧረ እትዬ፣ ማንም አልሞተም፤ ልንዝናና ነው» እያለች ስትምል ስትገዘት፣ የእድራችን ጸሐፊ ደርሰው ድንኳኗን ሁለቴ ዞሯት። ከጀርባዬ አንዱ «መዋጮ ጨምሩ ብለውን ድንኳኑን አሳነሱት እንዴ?» ሲል ሰማሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አግዳሚ ወንበር ወጣ፣ ሻይ በፔርሙስ ወረደ። ለቅሶ አለመሆኑ ከተረጋገጠ በኋላም ወንበሩን የመለሰ ሰው የለም፤ እንዲያውም ካርታ ተመዘዘ። በእኔ ግምት ካምፒንጉ ያን ዕለት ተከናውኗል፤ የጎደለው ሐይቁ ብቻ ነው።

ድንኳኗ ላይ የ4 ሰው ይላል። ፋብሪካው ሰው ሲቆጥር እንደ ክብሪት እንጨት ጎን ለጎን ደርድሮ ነው፤ ጋቢ የሚባል ነገር መኖሩንም የነገረው የለም። እኛ ደግሞ የአክስት ልጆች ሰምተው ሲጨመሩ 11 ደረስን። ይህ ሳይፈታ አጎቴ ጅብ አነሱ። ጅቡስ ባልከፋ፤ ግን እኚሁ አጎቴ ማታ ማታ ከእንጦጦ በወንዙ ይዞ የሚወርደው ጅብ ከመኝታ ቤታቸው መስኮት ሥር ሲያላዝን የሚያንኮራፉ ሰው ናቸው። «የሰፈር ጅብ ሌላ፣ የአገር ቤት ጅብ ሌላ» ብለው ተከራከሩ። ሐይቅ ዳር እውነተኛው ሌባ ጦጣ እንደሆነ፣ ምግብም ድንኳን ውስጥ ተከፍቶ መተው እንደሌለበት ብናገር የሰማኝ የለም።

ከምግቡ በፊት ዕቃው አለ፤ ጀበና፣ ረከቦት፣ ከሰል ማንደጃ፣ መሶብ፣ ሁለት ፍራሽ። ስኒው ላይ ስንደርስ አማቴ 24 አሉ።

«እማዬ፣ ሐይቅ ዳር ማን ይመጣል ብለሽ ነው?»

«ሰው የማይመጣበት ቦታማ የልጅ ልጆቼን ይዤ አልሄድም!»

ትልቁ ውጊያ ግን የዓርቡ እራት ነው። መንገዱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በ2007 በተከፈተው የአዳማ ፈጣን መንገድ ሞጆ፣ ከዚያ መቂ፣ ከዚያ ዝዋይ። ከሥራ ወጥተን ስለምንነሳ ዝዋይ የምንደርሰው ዓርብ ማታ ነው። ባለቤቴ ሽሮ ልቋጥር ስትል ወንድሟ «ሐይቅ ለሐይቅ እየሄድን ሽሮ? ቆሮሶ አስጠብሰን እንበላለን እንጂ» አለ። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ከተነሳ ደግሞ ስብሰባ አያልቅም። አጎቴ «ሐዋርያቱ እኮ አሳ አጥማጆች ነበሩ» ሲሉ፣ አማቴ «ማጥመዳቸውን አልካድኩም፤ ዓርብ መብላታቸውን ማን አየ?» አሏቸው። ከብዙ ሽምግልና በኋላ ዓርብ አሳውን ገዝተን ቅዳሜ እንድንበላው ተወሰነ። በዝዋይና በላንጋኖ ሙቀት አሳው ይህን ውሳኔ እንዴት እንደሚቀበለው የጠየቀ አልነበረም።

ስለ ሐይቁ የተነጋገርነው በመጨረሻ፣ ያውም ቡና እስኪፈላ ነው። ላንጋኖ ቡናማ ነው፤ ከአርሲ ደጋ የሚወርዱት ወንዞች አፈር ይዘው ይገቡበታል፣ ነፋሱ ደግሞ ያማታዋል። ቢልሃርዚያ የለበትም ስለሚባል አዲስ አበቤ መልኩን ሳያይ ይዋኝበታል። ይህን ሁሉ ለአማቴ ባስረዳቸው «ደግ፤ እስኪጠራ ጠብቀን እንገባለን» አሉ። ልጃቸው መቼም አይጠራም ቢላቸው «አንተ ደግሞ ችኮላህ» አሉት።

አሁን ጉዞው ሊቀመንበር፣ ገንዘብ ያዥና የቴሌግራም ግሩፕ አለው። የእድሩ ጸሐፊም ገብተውበታል፤ ማን እንዳስገባቸው አይታወቅም። ቀኑ አልተቆረጠም፤ አሜሪካዊው ፈቃዱ እያለቀ ነው። ለቅዳሜው በግ ከሾላ ይጫን ወይስ ሞጆ ይገዛ በሚለው ላይ ሁለት ሌሊት ተጻጽፈን ሾላ አሸነፈ። ወዲያው የአማቴ የድምፅ መልእክት መጣ፦ «ጅብ አለ እያላችሁ በጉን ውጭ ልታሳድሩት ነው?» ሊቀመንበሩ ጥያቄው ተገቢ ነው ብለው አጸደቁ። ድንኳኗ ውስጥ እስካሁን ቦታው የተረጋገጠለት በጉ ብቻ ነው።