አብሽር የማታውቅ መኪና

የወሎ ሹፌር በወጉ ተመስግኖ አያውቅም። ስለ ቅኝቱ፣ ስለ ቡናው፣ ስለ ቁንጅናው ያልተባለ ነገር የለም፤ መሪ የጨበጠው ወገናችን ግን ከቅጣት ወረቀት በቀር ስሙ በጽሑፍ ሰፍሮ አላየሁም። ዛሬ ይህን ዕዳ ልከፍል ነው። ምስጋናዬ በተለይ ርካሽ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝተው፣ የወንበሩ ፕላስቲክ እንኳ ሳይነሣ ማስጠንቀቂያዋን ሁሉ ዝም ላሰኙት ይድረስልኝ።

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ፣ ትንንሾቹ የቻይና መኪኖች ጣርማ በርን አልፈው፣ የሸዋ ሮቢትን ሙቀት ተቋቁመው፣ በከሚሴና በኮምቦልቻ አድርገው ደሴ ላይ በርከት ብለዋል። አንድ ክርክርም አብሯቸው ገባ፤ ፒያሳ ውስጥ ቡና በተፈላበት ሁሉ ይነሣል። ርካሽ መኪና ሹፌሩን የሚያግዝ ቴክኖሎጂ ያስፈልጋታል ወይ? ድንገት ሰው ሲገባባት ራሷ ፍሬን የምትይዝ፣ ከመስመሯ ስትወጣ የምትጮኽ፣ በስፖኪዮ የማይታየውን ጎን የምታይ መኪና ለእኛ ምን ትሠራለች? ሸንጎው በአንድ ድምፅ ወስኗል፤ ቅንጦት ነው። ለድሃ መኪና መሪ፣ ፍሬንና ክላክስ ይበቃታል። ክላክሱ ደህና ከሆነ ደግሞ በፍሬኑ ላይ መነጋገር ይቻላል።

ቅንጦት መጥላታችን ያኮራል። ይኸው ቅንጦት የሚጠላ ገዢ ሻጩ ዘንድ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠይቀው የስክሪኑን ስፋት ነው። ይዞራል ወይ? በሩ ላይ ቀለም የሚቀያይር መብራት አለ? ጣሪያው መስታወት ነው? ለእነዚህ ሲጨምር እጁ አይንቀጠቀጥም። ሻጩ አደብ ያለው ሰው ነውና፣ «ጋሼ፣ ይቺኛዋ እኮ አደጋ ሲመጣ ራሷ ፍሬን ትይዛለች፤ ዋጋዋ ግን ትንሽ ከፍ ይላል» ሲለው፣ «ታዲያ እኔ መሪው ላይ የምቀመጠው ምን ልሠራ ነው?» ብሎ አፉን ያስይዘዋል።

አሜሪካኖቹ ይህን ጥበብ አልደረሱበትም። ስሌት የሚባል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ያስተዋወቀው ርካሽ የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ሬዲዮ የለውም፤ ትልቅ ስክሪን የለውም፤ መስኮቱ በእጅ እየተዞረ ይከፈታል፤ ቀለም እንኳ አይቀባም። ይህን ሁሉ ቀንሰው ቀንሰው፣ በራሱ የሚይዘውን ፍሬን ግን ተዉት። እንዲህም አድርጎ ቁጠባ የለም። እኛ ብንሆን ፍሬኑን አንሥተን ሬዲዮኑን እናስቀር ነበር። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ አዲስ የሚሸጥ መኪና ሁሉ፣ ርካሽ ሆነ ውድ፣ ይህንኑ ፍሬንና የፍጥነት አስታዋሽ እንዲኖረው፣ ሹፌሩ ሲያንቀላፋም እንዲያነቃው አስገድዷል። ምስኪኖች! የእንቅልፍ መድኃኒት ከጉንጭ ውስጥ መሆኑን የነገራቸው የለም።

ለጆሮአችንም ክብር ይገባል። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ ስማቸውን የወሰዱት ከዚህ ምድር ነው። በእነዚህ ያደገ ጆሮ «ቲጥ ቲጥ ቲጥ» የምትል መኪናን እንዴት ይቻላት? ቀበቶ አልታሰረም ብላ ትጮኻለች፤ በሩ ገርበብ ብሏል ብላ ትጮኻለች፤ ፊት ያለው አይሱዙ ቀረበ ብላ ትጮኻለች። ከሁሉ የሚከፋው አብሽር አለማወቋ ነው። እኛ ዘንድ የታመመ አብሽር ይባላል፣ የከሰረ አብሽር ይባላል፣ ቤቱ የፈሰሰበትም አብሽር ይባላል። እርሷ ግን ገና ያልደረሰውን መከራ በስሙ እየጠራች ባለቤቷን ታስደነግጣለች። ይህ የአስተዳደግ ጉድለት ነውና ትታረማለች። የቀበቶው ጩኸት ቀበቶውን ከወንበሩ ጀርባ አዙሮ በማሰር ይቆማል፤ ለብቻው የሚሸጥ የቀበቶ ምላስም አለ፣ እርሱን ሰክቶ መገላገል ነው። ሌላው ጩኸት በስክሪኑ ውስጥ ተፈልጎ ይጠፋል፤ አልጠፋም ካለ የሚያጠፋው ልጅ ከሞባይል ጥገና ቤት አይታጣም። መንገዱን የምታየው ካሜራ በፊት መስታወቱ ላይኛው መሐል ናት፤ እዚያው ላይ ዘርፍ ያለው መጋረጃና «ለምቀኛ መልሱ ዝምታ ነው» የሚል ጥቅስ ሲለጠፍባት ዓይኗ ይጋረዳል። ራዳሩ ከጀርባው የተደበቀበትን ፓራውልት ደግሞ ወፍራም ብረት እናለብሰዋለን። ይህን ሁሉ ከፈጸምን በኋላ፣ «አየህ፣ ይህ ቴክኖሎጂ የምትሉት አይሠራም» ለማለት ሙሉ መብት አለን።

ደግሞስ አጋዥ መቼ አጣን? የሚኒባሱን ረዳት ተመልከቱት። ግማሽ አካሉን በበሩ አውጥቶ ግራ ቀኙን ይቃኛል። ወደ ኋላ ሲኬድ «ና፣ ና፣ ና፣ በቃ!» ይላል፤ «በቃ» የሚለው ብዙውን ጊዜ ግንቡ ከተነካ በኋላ ነው፣ ቢሆንም ይላል። ዳገት ላይ ሲቆም ታኮውን ይዞ ዘሎ ይወርዳል። ሹፌሩ ሲያንጎላጅ ትከሻውን ይነካዋል፤ ረዳቱም ካንጎላጀ ከኋላ የተቀመጡ እናት «ኧረ ልጄ፣ ቀስ በል!» ይሉታል፤ በአውሮፓ ሕግ እኚህ እናት የፍጥነት አስታዋሽ ናቸው። እርግጥ ያቺ ትንሿ መኪና ረዳት አትጭንም፤ ሌሊት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የምታወርደውን ቁልቁለት፣ ሐረጎን፣ የሚወርዳት ሰው ብቻውን ነው። ይህን ዝርዝር ሸንጎው አላነሣውም።

ከመኪኖቹ ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ስለሆኑ የሚናገሩትም ቻይንኛ ነው። አንድ የማውቀው ሰው መኪናውን ባስነሣ ቁጥር የምትናገረው ሴት ደህና አደርክ የምትለው ይመስለዋል፤ ስለዚህ በየጠዋቱ «አልሐምዱሊላህ፣ አንቺስ?» ይላታል። ምናልባት በሩ አልተዘጋም እያለችው ይሆናል። ጨዋነቱ ግን አይካድም።

ቻይናዎቹ በበኩላቸው ቅንጦት ነው የሚለውን ክርክራችንን ሊያፈርሱብን ተነሥተዋል። ቢዋይዲ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 «የአምላክ ዓይን» ያለውን የሹፌር ማገዣ በአገሩ ያኔ 69,800 ዩዋን ትሸጥ ለነበረችው ለትንሿ መኪናው ለሲገል ሳይቀር፣ ዋጋ ሳይጨምር ሰጠ። በማግሥቱ ወር፣ ማገዣው በርቶ የነበረ የሌላ ኩባንያ መኪና ተጋጭቶ ሦስት ሰዎች ሞቱ፤ ባለሥልጣናቱም አምራቾች በማስታወቂያቸው መኪናው ራሱን ይነዳል እንዳይሉ አዘዙ። ማገዣ ማለት እጅህ ከመሪው፣ ዓይንህ ከመንገዱ ሳይነሣ የሚያግዝህ ነው ለማለት ነበር። በፒያሳ የተተረጎመው ግን እንዲህ ነው፤ «የአምላክን ዓይን እኛ በነጻ ተሰጥቶናል፤ በካሜራ ምን አደከመን?»

የወገኔ ጥበብ የሚፈተነው ሐረጎ ላይ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። መሐሉ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ጥምዝምዝ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ስትወርድ ሞተሯ ኃይል እያመረተ ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ በዚያውም መኪናዋን ይዞ ያዘገያታል፣ እግርን ከመርገጫው ማንሣት ብቻ ይበቃል። ይህ የሚሆነው ግን ባትሪው ውስጥ ቦታ ሲኖር ነው። ጠንቃቃው ባለቤት ሌሊቱን ደሴ ላይ ጢም አድርጎ ሞልቶ ጠዋት ቁልቁል ሲለቃት፣ የሚመለሰው ኃይል ማረፊያ ያጣል፤ ያ የለመደው መያዝም ይላላል። መኪናዋ ይህን በስክሪኗ ላይ ትጽፋለች። በምን ቋንቋ እንደምትጽፍ ነግሬአችኋለሁ፤ ስክሪኑም በዚያች ሰዓት የሠርግ ቪዲዮ እያሳየ ነው። በዚህ ላይ ጉሙ ይወርዳል። ፊት ለፊት የኋላ መብራቱ ከጠፋ የከረመ የጭነት መኪና አለ። ካሜራ በጉም ውስጥ ከእኛ ዓይን አይሻልም፤ ራዳር ግን ጉሙን አልፎ ብረቱን ያገኘዋል፣ ከላይ ብረት ካልለበሰ። ጀግናችን ታዲያ ምን ያደርጋል? ክላክስ ይመታል። ከኋላ የተቀመጡት ሲንጫጩም፣ «አብሽሩ» ይላቸዋል። እውነትም እስከ ዛሬ የነገረን ሁሉ በሰላም የደረሰ ነው፤ ያልደረሰው መጥቶ አልነገረንም።

ከሸንጎው አንድ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ግን ቁም ነገር ተናግረዋልና ልደብቀው አይገባም። «መስመር ጠባቂ ትሉኛላችሁ፤ መስመሩ የታለ?» አሉ። ልክ ናቸው። ቀለሙ ተፍቆ ያለቀ አስፋልት ላይ ካሜራዋ የምትጠብቀው ነገር የለም፤ ጠርዙ የተሸረፈ መንገድ ላይ መሪውን ራሷ ላቃናው ብትል ደግሞ ይባስ ነው። የአውሮፓ ፈታኞችም ፍሬኗን የሚፈትኑት በመኪና፣ በእግረኛ፣ በብስክሌትና በሞተር ብስክሌት አምሳያ ነው፤ ሰኞ ከባቲ ገበያ የሚመለስ ግመል በፈተናው ውስጥ የለም። የእኚህ አባት ቃል ተለይቶ ቢሰማ፣ መስመር ጠባቂው ይቅርብን፣ ፍሬኑን አምጡ ወደሚል ያደርስ ነበር። ሸንጎው ግን መለያየት አይወድም፤ አንደኛው ስለማይሠራ የሚሠራውም ይቅር ብሎ ተነሣ። ግመል የማይለይ ፍሬን ሕፃን ቢለይ ምን ዋጋ አለው?

በዚህ ምክር መሠረት ጎረቤቴ ማገዣ የሌላትን ገዛ። በተረፈው ገንዘብ ከኋላ ወንበር ጀርባ ድምፅ ማጉያ አስገጠመባት። ጥራቱ ድንቅ ነው፤ ከኋላ የሚመጣ የአምቡላንስ ጩኸት እንኳ ሰርጎ አይገባም።