ኧረ ይሄን ጀሪካን የት ላድርገው?

ዛሬ ጠዋት ገላዬን የታጠብኩት ከ20 ሊትር የአናናስ ወይን ጋር ነው። እሱ ጥግ ይዞ አሮጌ ነጠላ ተከናንቧል። እኔ በጆግ ውኃ እየቀዳሁ፣ እንዳልረጨው እየተጠነቀቅኩ አንድ እግሬ ላይ ቆሜያለሁ። ሳሙናው አመለጠኝና ከጀሪካኑ ኋላ ገባ። እዚያው ተውኩት። ላነሳው ብል ጀሪካኑን ማንቀሳቀስ ሊኖርብኝ ነው፤ ካንቀሳቀስኩት ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ የረጋው አተላ ይበጠበጣል።

እስቲ ብሶቴን ልናገር።

ሰው ሁሉ ወይን መሥራት ከባድ ይመስለዋል። ምንም አይከብድም። ፍሬውን ልጣችሁ ትከትፋላችሁ፣ ስኳር፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ፣ አንድ ማንኪያ እርሾ፤ አለቀ። ቀሪውን እርሾው ይሠራዋል። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወይን ጨለማ ይፈልጋል፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይፈልጋል፣ ከሁሉም በላይ የማይነካካው ሰው ይፈልጋል። አራተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ ካወቃችሁ ጠቁሙኝ። ፍሪጅ እንዳትሉኝ ብቻ። የእኛ ፍሪጅ ድስት ከገባበት በሩ በመከራ ነው የሚዘጋው።

እናቴ ጠጅ ስትጥል ጓዳ ነበራት። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ፣ በወይራ ታጥኖ ማቶቱ ላይ ይቀመጣል፤ አፉ በጨርቅ ይታሰራል። በቃ። እስኪደርስ ድረስ ያንን ጋን ያየ እንግዳ የለም። እኛ ልጆቿ እንኳ ጓዳ የምንገባው ተልከን ነው። እኔ ያለኝ ጀሪካን ነው። ጀሪካን በወይራ አይታጠንም፣ ይቀልጣል። አንዴ ለሙከራ የመስታወት ዕቃ ባጥን ጭሱ በደረጃው ወረደና የታች ቤቷ ጎረቤቴ እሳት ተነሳ ብላ በሬን ደበደበች። ከዚያ ወዲህ ይቅርብኝ ብያለሁ።

ደግሞ እኮ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ግቢው ውስጥ የጋራ ቤት ተብሎ ታስቧል። እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ በግ የሚታረድበት። በጉ ታስቦለታል! የእኛ ግቢ የጋራ ቤት ግን ተከራይቶ ሱቅ ሆኗል። ኮሚቴውን ስጠይቅ "ለግቢው ገቢ ነው" አሉኝ። እሺ፣ ገቢው ይባረክ።

የአናናሱ ነገር የመጣው በባሌ ወንድም ነው። የደቡብ መስመር ሹፌር ነው። ጥቅምት ላይ ከአለታ ጩኮ ሲመለስ 12 አናናስ ይዞልን መጣ። ለሁለት ሰው! ሦስት ቀን ጭማቂ ጠጣን። ለጎረቤት አደልን። በአራተኛው ቀን ቤቱ በሙሉ አናናስ አናናስ ይሸት ጀመር፤ የቀረው ከሚበላሽ ብዬ በ3 ኪሎ ስኳር ጣልኩት።

ይሄን ሒሳብ ያወቅኩት በኋላ ነው፦ እርሾ አንድ ኪሎ ስኳር ሲበላ ግማሽ ኪሎ ያህሉ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። በሊትር ሲሰላ ከ200 በላይ ነው፤ አንድ ትልቅ በርሜል ማለት ነው። እኔ ለጀሪካኗ ቦታ አጥቼ ስዞር ለካስ ሦስት በርሜል ጋዝ ጭምር አስገብቻለሁ! ክዳኑን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት የማይቻለው ለዚህ ነው። ከፋርማሲ የግሉኮስ ቱቦ ገዛሁ፤ አንዱን ጫፍ በክዳኑ አስገብቼ፣ ሌላውን ውኃ የያዘ ሃይላንድ ውስጥ ነከርኩት። ጋዙ ይወጣል፣ አየር አይገባም። አሪፍ ነው። ድምፅ ባይኖረው።

መጀመሪያ ያስቀመጥኩት አልጋ ሥር ነበር። ሌሊት ቤቱ ጭር ሲል "ቡልቅ... ቡልቅ..." ይላል። ባሌ አይጥ ነው አለ። አይደለም ብዬ ብነግረው አላመነኝም፤ በማግስቱ የአይጥ ማጣበቂያ ገዝቶ አልጋ ሥር አነጠፈ። የያዘው የእኔን ካልሲ ብቻ ነው።

ከዚያ በረንዳ ወጣ። በረንዳ ደግሞ ቀን ፀሐይ ይጠብሰዋል፣ ሌሊት የአዲስ አበባ ብርድ ያንዘፈዝፈዋል። እርሾም እንደ ሰው ነው፤ ሲበርደው ሥራ ያቆማል። እኔ ግን ይሄን መች አወቅኩ? ኅዳር ላይ መቡልቀሉን ሲተው ደረሰ ብዬ አጠለልኩት፤ በጠርሙስ ሞልቼ፣ ቆርኪውን አጥብቄ ቁምሳጥን ውስጥ ደረደርኩት። ጨለማ ነው፣ ማንም አይነካውም ብዬ። ኮራሁ እኮ!

መጋቢት ገባ። ሙቀቱ መጣ። እርሾው ነቃ።

እኔ ሥራ ቦታ ነበርኩ። ባሌ ደወለና "ቤት ውስጥ ተተኩሷል" አለኝ። ሁለት ጠርሙስ ነው የፈነዳው። ለፋሲካ ያሰፋነው የአገር ልብስ ከነጥለቱ በአናናስ ርሷል፤ ስብርባሪው ኮት ኪስ ውስጥ ሳይቀር ተገኝቷል። የቁምሳጥኑ በር ዝግ ባይሆን ኖሮ ዓይን ነበር የሚጠፋው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አምናለሁ፤ ስኳሩ ሳያልቅ ነው ያሸግኩት። በማግስቱ ደግሞ ጉንዳን ከአራተኛ ፎቅ በታች ብቻ እንደሚኖር የምታስቡ ካላችሁ ተሳስታችኋል። በሰልፍ ነው የመጣው።

የቀረውን ወደ ጀሪካን መልሼ ገለበጥኩት። ግማሽ ሆነ። ጎደሎ ዕቃ ውስጥ አየር አለ፤ አየር ካለ ኮምጣጤ ነው። በወሩ ሰላጣ ላይ የማደርገው ኮምጣጤ ሆነልኝ፤ እስካሁን አላለቀም። አሁን መታጠቢያ ቤት ያለው ከዚያ በኋላ የጣልኩት ሌላ ነው።

አንድ ሌላ የሚያበሽቀኝ ነገር ልንገራችሁ። ወይን ለማጥለል ሌላ ባዶ ዕቃ ያስፈልጋል። ባዶ ጀሪካን ደግሞ ከሞላው እኩል ቦታ ይይዛል። በዚያ ላይ ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ስለሚመጣ ያሉት ዕቃዎች በሙሉ ውኃ ይዘዋል። አንድ ጊዜ ላጠልል ተዘጋጅቼ ውኃው ሲመጣ ባሌ ባዶውን ጀሪካን አንስቶ ሞላው። ተጣላን። የምሬን ነው፣ በባዶ ጀሪካን ተጣላን።

አተላውስ? በእናቴ ቤት አተላ ማለት የጎረቤት ላም ቀለብ ነበር፤ እንዲያውም አስቀምጡልን ይሉናል። እዚህ ላሟ የለችም። ሽንት ቤት ብደፋው ቱቦው ተዘጋ፤ ለቧንቧ ሠራተኛ የከፈልኩት ወይን ቢገዛ ይበቃኝ ነበር። አሁን በባልዲ ተሸክሜ አራት ፎቅ እወርዳለሁ። ጥበቃው ሲያየኝ "እህቴ፣ ጠላ ቤት ከፈትሽ እንዴ?" ይለኛል። ግቢው በሙሉ ሰምቷል።

እንግዳው ደግሞ አለ። ጓዳ ከሌለ ምስጢር የለም። መታጠቢያ ቤት የገባ ሰው ሁሉ ጀሪካኑን አይቶ ይወጣል። ባለፈው እሑድ አክስቴ እጇን ልትታጠብ ገብታ ቆየች። ስትወጣ አፏን በነጠላዋ ጠርጋ "ትንሽ ይቀረዋል፣ ስኳሩ ያይላል" አለችኝ። ቱቦውን ነቅላ፣ ክዳኑን ከፍታ፣ በሳሙና ማስቀመጫ ቀድታ ቀምሳዋለች። ቱቦውን ሳትመልስ ነው የወጣችው። ቁጣዬን ዋጥኩት፤ በአክስት ላይ ምን ይባላል?

እውነቷን ግን ነው፣ ገና ነው። እኔም ዛሬ ከመታጠቤ በፊት ቀመስኩት። ጠረኑ ደርሷል፣ ምላሱ ላይ ግን ገና ይጣፍጣል። እስከ ሰኔ ብተወው ሳይጠራ አይቀርም። በሰላም ከተዉኝ።

አሁን ይሄን ስጽፍ የባሌ ወንድም ደወለ። አርባ ምንጭ ነው ያለው። "ማንጎ ደርሷል፣ ርካሽ ነው፣ ሁለት ማዳበሪያ ልጫንላችሁ?" ይላል። ባሌ ስልኩን በእጁ ከድኖ አየኝ። እኔ ወደ አልጋው ሥር አየሁ። ማጣበቂያው አሁንም እዚያው ነው።

"አንድ ማዳበሪያ ይበቃል በለው" አልኩት።