ልምድ ያለውም ይሠልጥን

«ሰባት ስምንት ዓመት የሠራ ቢዝነስ አናሊስት ከሥልጠና የሚያተርፈው ወረቀት ብቻ ነው» የሚለው አንድ ጽሑፍ ላይ ያነበብኩት ሐሳብ አልተዋጠልኝም። ቢዝነስ አናሊስት ማለት የመሥሪያ ቤትን አሠራር አጥንቶ ከኮምፒውተር ሲስተሙ ምን እንደሚፈለግ ለፕሮግራመሮች የሚያስረዳ ባለሙያ ነው። ሲቢኤፒ (CBAP) የሚባለውን የቢዝነስ አናሊስቶች የሙያ ማረጋገጫ ፈተና ለመውሰድ እኮ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ 7,500 ሰዓት የሥራ ልምድ፣ በዚያ ላይ የ35 ሰዓት ሥልጠና ይጠየቃል። ለጀማሪ የታሰበ አይደለም።

እኔ ባንክ ውስጥ ስሠራ ኃላፊዎች ስብሰባ ላይ የሚሉኝን እየጻፍኩ ለፕሮግራመሮቹ ሳቀብል ዓመታት አለፉ። በኋላ ሥልጠና ስገባ ግን አሠልጣኛችን «መጀመሪያ ሥራው ሲሠራ ቁጭ ብላችሁ እዩ» አሉን። ሄጄ ከገንዘብ ከፋይዋ ጎን ተቀመጥኩ። የደንበኛውን የሒሳብ ቁጥር መጀመሪያ ደብተር ላይ ትጽፋለች፣ ከዚያ ነው ወደ ሲስተሙ የምታስገባው። ለምን ስላት «መሃል ላይ ይዘጋብኛላ፤ ደንበኛውን ደግሜ መጠየቅ ያሳፍረኛል» አለችኝ። ይህን አንድም ኃላፊ ነግሮኝ አያውቅም።

መሥሪያ ቤታችን በጀት ሲጠብበት መጀመሪያ የሰረዘው ይህንኑ ሥልጠና ነው። በጣም ያንገበግበኛል።