ረግረጉ ሥራ አልፈታም

«ረግረግ ሥራ የፈታ መሬት ነው፤ አንጠፍጥፈን ለወጣቱ እናከፋፍለዋለን።» ሰሞኑን አንድ ኃላፊ ስለ ጣና ዙሪያ ረግረጎች የተናገሩት ነው፤ አዳራሹም አጨበጨበላቸው። ቀጥለው «የሚደርቀውን በችግኝ እናካክሳለን» አሉ። ከሁለቱ የባሰው ይህ ሁለተኛው ነውና ከእሱ እንጀምር።

ተራራ ላይ የተተከለ ጽድ የተራራውን አፈር ይይዛል፤ ደግ ነው። የጉማራና የርብ ወንዞች በሐምሌ ተሸክመውት የሚወርዱትን ጭቃ ሐይቁ ደጃፍ ላይ የሚያስቀረው ግን ደንገልና ፊላ ነው። ችግኙ ባሕር ዛፍ ከሆነ ደግሞ (እንደ ልማዳችን መሆኑ አይቀርም) የተረፈውን እርጥበት መጥጦ ይጨርሰዋል። ኩላሊቱ ለወጣበት ሰው «አይዞህ፣ ፀጉር እናስተክልልሃለን» እንደማለት ነው።

ለሚጠራጠር መፈተኛው ቅርብ ነው። የክረምት ድፍርስ ውኃ በጠርሙስ ቀድቶ፣ በጥብጦ፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ማየት። 0.1 ሚሊ ሜትር የሚያህለው ደቃቅ አሸዋ 10 ሳንቲ ሜትር ለመውረድ ከ12 ሰከንድ ብዙም አይፈጅበትም። 0.02 ሚሊ ሜትር የሆነው ደለል 5 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። 0.002 ሚሊ ሜትር የሆነው የሸክላ ብናኝ ግን ለዚያችው 10 ሳንቲ ሜትር 8 ሰዓት ገደማ ይጠይቃል፤ ያውም ጠርሙሱን ማንም ካልነካው። ከማሳ የታጠበው ፎስፎረስ ደግሞ በብዛት ተጣብቆ የሚመጣው በዚህ በማይሰጥመው ሸክላ ላይ ነው። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ነው፦ ወንዙን ለሰዓታት ማን ያስቆመዋል? ግድግዳ ሳይሠራ፣ ሲሚንቶ ሳይፈስ የሚያስቆመው ረግረጉ ነው። ጎርፉ ደንገሉ መሃል ሲገባ በሺህ አገዳ እየተገፋ ኃይሉ ይደክማል፣ ወደ ጎን ይንጣለላል፣ ጥልቀቱ ይሳሳል፤ ብናኙ የሚወርድበት መንገድም ከሜትር ወደ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ያጥራል። በዚህ መሃል ቀጥ ያለ ቦይ ሲቆፈር ውኃው የረግረጉን ሜዳ ትቶ በቦዩ ይሮጣል፤ ሸክላው ፎስፎረሱን እንዳዘለ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። አንድ ስካቫተር በሳምንት የሚያበላሸውን ሥራ የትኛውም ማጣሪያ ጣቢያ አይሠራልንም።

ከማሳ የሚታጠበው ናይትሬት ሌላ ባሕርይ አለው፤ ውኃ ውስጥ ስለሚሟሟ እስከ ነገ ቢጠብቁት አይዘቅጥም። የእሱ መድኃኒት ያ ሽታው አፍንጫ የሚያስይዘን ጥቁር ጭቃ ነው። ጭቃው ውስጥ አየር የለም፤ ባክቴሪያዎቹ ለመተንፈስ ኦክስጅኑን ከናይትሬቱ ይነጥቃሉ፣ ናይትሮጅኑ ጋዝ ሆኖ ወደመጣበት ከባቢ አየር ይመለሳል። ለዚህ ሥራቸው የሚመገቡት ካርቦን ከበሰበሰው ደንገል ይገኛል። ደንገሉ ከታጨደ ምግቡ ይቀራል፤ ጭቃው ደርቆ አየር ከገባበት ደግሞ ባክቴሪያው ናይትሬቱን ከናካቴው ይተወዋል። እንግዲህ «ሥራ ፈት» የተባለው ይህ ነው፤ ሌሊት እንኳ የማያቆም።

ከዚያ ስለ እምቦጭ እናለቅሳለን! አረሙ በጣና ላይ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ2011 የተመዘገበው በመገጭ ወንዝ መግቢያ በኩል ነው። ወንዝ የአረሙን ምግብ፣ ያንኑ ፎስፎረስና ናይትሬት፣ ይዞ በሚገባበት አፍ መሆኑን አጋጣሚ ነው የሚለኝ ካለ አልሰማውም። ገበሬው እስከ ወገቡ ገብቶ የሚጎትተው እምቦጭ ከመቶ 90 እጅ በላይ ውኃ ነው። ዳር ላይ ከተከመረው ቁርጥራጩ በማዕበል ይመለሳል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ተኝቶ ይቆያል። ባንድ በኩል በዘመቻ እያወጡ፣ በሌላ በኩል በቦይ ማዳበሪያ መላክ ምን ይባላል?

«ከደረቀው መሬት ጥሩ ምርት ተገኝቷል» ይሉናል። አዎ፣ መጀመሪያ ላይ ይገኛል። ለዘመናት አየር ሳይነካው የተጠራቀመ ብስባሽ ድንገት አየር ሲያገኝ ይፈርሳል፤ የታመቀው ናይትሮጅን ለሰብሉ ይለቀቃል፣ ካርቦኑም ተቃጥሎ ይተናል። ፎቶ የሚነሳው ያኔ ነው። ብስባሹ ባለቀ ቁጥር ግን መሬቱ እየሰመጠ፣ በበጋ እየተሰነጠቀ ይሄዳል፤ ማዳበሪያ መጠየቅም ይጀምራል። 30 ሳንቲ ሜትር ውኃ ያቆረ 1 ሄክታር 3 ሚሊዮን ሊትር ይዟል። ያ ውኃ ከክረምቱ በኋላ ቀስ እያለ ጉድጓዱንና ግጦሹን ያጠጣ ነበር፤ ቦይ ከተቆፈረለት በጥቂት ቀን ተንዶ ይሄዳል። ቀረሶ የሚራባውም ሣርና ደንገል ባለበት ጥልቀት የለሽ ዳርቻ ነው፤ አምባዛ ደግሞ ክረምት ሲገባ ጎርፉን ተከትሎ ወደ ተጥለቀለቀው ሜዳ ይወጣል። ዓሣ አስጋሪው ወጣት አይደለም ያለው ማነው?

ወጣቱ መሬት ማጣቱ እውነት ነው፤ ይህን አልክድም። ግን ባሕር ሸሽ ላይ ሽምብራና ጓያ የሚዘራው ገበሬ ውኃው እስኪሸሽ ተራውን ይጠብቃል እንጂ ቦይ ቆፍሮ አያባርረውም። ልዩነቱ ለኃላፊው ሊጠፋቸው አይገባም ነበር።

ዩኔስኮ ጣናን እ.ኤ.አ. በ2015 የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ መዝግቦታል። ድንበሩ ዛሬም የሚያጨቃጭቀው በምን ወር እንደሚለካ ስላልተስማማን ነው። ቀያሹ በግንቦት ሜትሩን ይዞ ሲመጣ የሚያገኘው ደረቅ ሜዳ ነው፤ «ባዶ መሬት» ብሎ ይመዘግባል። ችካሉ መተከል ያለበት ሐይቁ ሞልቶ በሚተኛበት በመስከረም መጨረሻ ነው፤ ውኃው በደረሰበት ጫፍ ላይ፣ ከዚያም ወደ ውጭ ለደንገሉ ቦታ ተትቶ። የማከፋፈያው ካርታ በየትኛው ወር ልኬት እንደተሠራ ኃላፊው ይንገሩን።