ሲሚንቶው ተበልቷል!

ሰሞኑን የአንድ ድልድይ መደርመስ ቪዲዮ በየቴሌግራሙ ሲዞር ከርሟል። አይታችሁታል። አስተያየቱንም አይታችሁታል። አቧራው ሳይበርድ፣ የት አገር እንደሆነ እንኳ ሳይጠየቅ፣ «ሲሚንቶው ተበልቷል!» ተብሎ ፋይሉ ተዘጋ። እንዲህ ያሉ መርማሪዎችን የሰጠን ይመስገን።

የአሜሪካኖቹን ጅልነት እዩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ሚኒያፖሊስ ውስጥ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ የነበረ ድልድያቸው ወድቆ 13 ሰው ሞተ። ምክንያቱን ለመናገር ከ1 ዓመት በላይ ፈጀባቸው። ብረቱን ከወንዝ አውጥተው መሬት ላይ ደረደሩ፣ ለኩ፣ አሰሉ፤ በመጨረሻ ተሸካሚ ብረቶቹን የሚያያይዙት ጠፍጣፋ የብረት ሳህኖች ገና ሲነደፉ ከሚያስፈልገው ውፍረት ግማሹን ያህል ብቻ እንደነበራቸው፣ በዚያ ላይ ለጥገና የመጣ አሸዋና ጠጠር ድልድዩ ላይ ተከምሮ እንደነበር ደረሱበት። ምን አደከማቸው? የኛን ሰው አይጠሩም?

የኛን ሰው ታውቁታላችሁ። የአጎቱ ቤት ሶሌታ ሲሞላ ቆሞ አይቷል፤ ከዚያ ወዲህ አርማታ ከሱ የሚደብቀው ነገር የለም። ቢጠሩት ማኪያቶውን ይዞ ይመጣል፣ ምሰሶውን በጫማው ጫፍ ይመታል፣ በቁልፉ ጫር ጫር ያደርጋል፣ ራሱን ይነቀንቃል። «ይሄ አንድ ሲሚንቶ ለሁለት አሸዋ ለሦስት ጠጠር አይደለም» ይላል። ድልድዩ እኮ የብረት ነው ሲሉት «እሱን ተወው» ይላል። ወደ ኦሃዮ ወንዝ ይወስዱታል። በ1967 46 ሰው የጨረሰውን ድልድይ የጣለችው አንዲት የብረት ማያያዣ ላይ የነበረች 2.5 ሚሊሜትር ገደማ ጥልቀት ያላት ስንጥቅ ናት፣ ማያያዣዋ ስትበጠስ ሸክሙን የሚቀበል አልነበረም ይሉታል። ያዳምጣል። ሲሚንቶ ነው ይላል። ወደ ኒውዮርክ፣ ስኮሄሪ ጅረት ይዘውት ይሄዳሉ፤ በ1987 ጎርፉ ከምሰሶው ሥር ያለውን አፈር ቦርቡሮ ወስዶት 10 ሰው ሞቷል። «አፈሩ ላይ ሲሚንቶ ቢጨመርበት ይሄድ ነበር?» በ1940 ታኮማ ላይ ንፋስ እያወዛወዘ ሰብሮ የጣለውን ድልድይ ቢያሳዩት ደግሞ «ንፋስ?» ብሎ ይስቃል። ማኪያቶው ገና አልበረደም።

አሁን ግን ሳልቀልድ። የሚኒያፖሊሱ ድልድይ ሊወድቅ 4 ዓመት ሲቀረው በተነሱ ፎቶዎች ላይ ሳህኖቹ ጎብጠው ይታያሉ። ይታያሉ እኮ! መኪናው ግን ማለፉን ቀጠለ። ሲሚንቶ የሚሰርቅ የለም አላልኩም፤ አለ፣ ይታሰር። ግን ሁሉን ነገር በሱ ስናሳብብ፣ ከክረምቱ ጎርፍ በኋላ ወርዶ የምሰሶውን ሥር ማየት የነበረበት፣ ዝገቱን በቀለም ሸፍኖ «ታድሷል» ብሎ የፈረመው፣ ሁሉም ከኛው ጋር ቆሞ ሌባ! ሌባ! ይላል። ሰው ነው እኮ የሚሞተው!

ለማንኛውም መርማሪያችን አስተያየቱን ጽፎ እንደጨረሰ ገልባጩን አሸዋ ጢም አድርጎ ጭኖ፣ የክብደት ገደብ የተለጠፈበትን ድልድይ «ያልፋል ባክህ!» ብሎ ተሻግሯል። የዚያኑ ድልድይ መከለያ ብረት ፈትቶ ለቁራሌው የሸጠው ጎረቤቱም ላይክ አድርጎለታል።