ማስተካከያ፦ የኤ350 አካል እንደ 787 በወጥ በርሜል አይሠራም

ስለ ካርቦን ፋይበር (ቀጭን ግን ጠንካራ የካርቦን ክር) በጻፍኩት የቀደመ ጽሑፍ ላይ የቦይንግ 787ም የኤርባስ ኤ350ም አውሮፕላን አካል፣ ማለትም መንገደኛ የሚቀመጥበት ቱቦ፣ «በወጥ በርሜል ይሠራል»፣ ማለትም ዙሪያውን ሳይቆራረጥ እንደ አንድ ቁራጭ ይወጣል ብዬ ነበር። ለ787 ልክ ነው። ለኤ350 ግን ተሳስቻለሁ።

በ787 ሬዚን (ሲሞቅ የሚጠነክር ሙጫ መሰል ነገር) የጠጣ የካርቦን ፋይበር ጥብጣብ በሚሽከረከር ግዙፍ ቅርጽ ማውጫ ላይ በማሽን ይነጠፋል፤ ንብርብር በንብርብር። ከዚያ ሙሉው ቁራጭ ኦቶክሌቭ ውስጥ ይገባል። ቤት የሚያህል የግፊት ምድጃ በሉት። እዚያ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይበስላል። ሲወጣ ቅርጽ ማውጫው ተፈታትቶ ከውስጥ ይነሳል፣ በርሜሉ ብቻ ይቀራል።

ኤ350 የሚገጣጠመው ከረጃጅም ፓነሎች ነው፤ ከላይ፣ ከታችና ከሁለቱ ጎን። እነሱም ኦቶክሌቭ ውስጥ ይበስላሉ፣ ግን ለየብቻ።

ስለዚህ «በሁለቱም ላይ በቁመት (ከአፍንጫ ወደ ጭራ) የሚሄድ መጋጠሚያ የለም» ያልኩት ለኤ350 አይሠራም። አለው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሁለቱንም ስለሚያበር ብዙዎቻችሁ ተሳፍራችሁባቸዋል፤ መጋጠሚያውን ግን ከወንበራችሁ ሆናችሁ አታዩትም።

አንድ ሌላም አለ። «787 ግማሹ ካርቦን ነው» ብዬ አልፌ ነበር። 50 በመቶው የክብደት ድርሻ ነው፤ የሚመለከተውም ካርቦንን ብቻ ሳይሆን ኮምፖዚትን (ፋይበርና ሬዚን አንድ ላይ የተዋሃዱበትን ቁስ) በጠቅላላ ነው። የኤ350 ድርሻ 53 በመቶ ነው።

ማስተካከያው የተወሰደው አምራቾቹ ራሳቸው ካወጧቸው የቴክኒክ መግለጫዎች ነው። የድሮውን ጽሑፍ ያጋራችሁ ይህንንም አያይዙልኝ።