«ለውጥ ይፈራል» ላሉን ሰው

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን በተካሄደ አንድ ስብሰባ መድረክ የያዙ ሰው «የገበሬያችን ችግር አመለካከቱ ነው፤ ቁጠባ አያውቅም፣ ያለውን በተዝካር ይጨርሳል፣ ለውጥ ይፈራል» አሉ። አዳራሹም አጨበጨበ። እኔን ያንገበገበኝ ጭብጨባው ነው።

ቁጠባ አያውቅም? የመንዝ ገበሬ በጉ ምን ሆነና? ሲተርፈው ይገዛል፣ ሲቸግረው ይሸጣል። ድግስ ሲበዛ ዕዳ ውስጥ የሚከተው እንዳለ አልክድም። ግን ጡረታም መድንም የሌለው ሰው የሚተማመነው በጎረቤቱ ነው። ለሰው ያልደረሰ፣ ገብሱ ሲደርስ ማን ደቦ ይወጣለታል?

«ለውጥ ይፈራል» የሚለው ግን ከሁሉም ይብሳል። አዎ፣ ይፈራል። ለምን አይፈራ? ብዙው ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ግድም ላይ ነው የሚያርሰው። በልጉ ሊቀር ይችላል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ የአንድ ሌሊት ውርጭ እሸቱን አሳርሮት ያድራል። ማዳበሪያውን በዱቤ ወስዶ ከነበረ ገብሱ ይጠፋል እንጂ ዕዳው አይጠፋም። በሬውን ይሸጣል። በሬ የሌለው ደግሞ ለከርሞ ማሳውን ለባለ በሬ የእኩል ይሰጣል፤ የምርቱ ግማሽ ሄደ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ቀና ማለት ከባድ ነው። ነጋዴ አንዱ ጭነት ቢከስርበት በሌላው ያካክሳል። ደመወዝተኛ ቢሳሳትም ወሩ ሲደርስ ደመወዙ አለ። ድፍረት የሚመጣው ከዚህ ነው እንጂ ከሥልጠና አይደለም። እኚያን ተናጋሪ ያለ ደመወዝ፣ በአንድ ጥማድ በሬ፣ ሁለት ክረምት መንዝ ላይ አስቀምጧቸው። ከገበሬው ብሰው ካልፈሩ ከምላሴ ላይ ፀጉር ይነቀል!

«በራሱ አይተማመንም» የሚሉም አሉ። በቅርቡ አንድ ቢሮ ወረፋ ይዤ ሳለ፣ በርኖስ የለበሱ አዛውንት ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆሙ። ልጃቸው የሚሆን ሠራተኛ ቀና እንኳ ሳይል «አንተ፣ ነገ ና» አላቸው። ከኋላቸው የገባውን ባለ ኮት ወጣት ግን «ይግቡ፣ ይቀመጡ» አለው። አዛውንቱ ጎንበስ ብለው እጅ ነስተው ወጡ። ታዲያ እኝህ ሰው አንገት መድፋትን ከየት ተማሩት? የገባርነት ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቀርቷል ተብለን ነበር። በየቢሮው ደጃፍ ግን ዛሬም እናድሰዋለን።

አመለካከት ይቀየር የምትሉ፣ መጀመሪያ ውርጭ ሲመታው የሚክስ የሰብል መድን አምጡለት። ዱቤውን ሰብሉ በጠፋበት ዓመት አትጠይቁት። ቢሮ ሲመጣ ወንበር ስጡት። ከዚያም በኋላ እምቢ ካለ፣ ያኔ ስለ አመለካከቱ እንነጋገራለን።